የነፋሱን ቁጥር ስታትሙ ከፍታውንም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ነፋስ ኃይል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። በጉዳዩ ላይ ገጽ መስጠታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። አካባቢው በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ስላለው ለተርባይን ምቹ ነው ይላል። በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ተለካ? ለምን ያህል ጊዜ? በየትኛው ወቅት? አልተጻፈም።

የነፋስ መለኪያ ምሰሶ እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ። በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለች ቁጥር ብቻዋን ስትወጣ ሰውን ምን ላይ እንደምትጥል በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጽፍላችሁ።

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ፈጣን አየር የሚይዘው ጉልበት ይጨምራል፣ በዚያ ላይ በየሰከንዱ በክንፎቹ በኩል የሚያልፈው አየር ራሱ ይበዛል። ስለዚህ ፍጥነቱን 10 በመቶ ብቻ አብልጦ የለካ ሰው ኃይሉን 33 በመቶ አጋኗል። ለቤት የሚሆን ሙቀት ስንለካ እንዲህ ያለ ስህተት ምንም ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን ፕሮጀክት ይጥላል።

አማካይ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ቦታ አስቡ። አንዱ ላይ ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ በሰከንድ 6 ሜትር ይነፍሳል። ሌላው ላይ ግማሹን ጊዜ 3፣ ግማሹን ጊዜ 9 ይነፍሳል። የሁለቱም አማካይ 6 ነው። በሁለተኛው ቦታ ነፋሱ የሚይዘው ኃይል ግን ከመጀመሪያው በ75 በመቶ ይበልጣል። ተርባይኑ ሁሉንም አይወስድም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ እ.ኤ.አ. በ1919 እንዳሰላው፣ የትኛውም ተርባይን ከነፋሱ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። አብዛኞቹ ተርባይኖች ደግሞ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ምንም አያመነጩም። ያ ሁለተኛው ቦታ ግማሹን ጊዜ እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው። ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው ባትሪ ለዚያ መዘጋጀት አለበት። ይህን ሁሉ «አማካይ 6» የሚለው አይነግረንም።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ተቋም አነስተኛ ተርባይን ተከለ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዞ ለሦስት ቀን ለክቶ ነበር፣ ያውም ነፋስ በሚበረታበት ወር። ጥሩ ቁጥር አገኘ። ተርባይኑ 15 ሜትር ምሰሶ ላይ ወጣ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ መብራቱ በየምሽቱ ይጠፋ ጀመር፣ እኔም ተጠራሁ።

ስደርስ ተርባይኑ ይዞራል። ግን ዝም ብሎ አይዞርም። ይዞርና ፊቱን ያዞራል፣ መልሶ ይዞራል፣ እንደ ተጨነቀ ሰው። ዙሪያውን ሳይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል 80 ሜትር ያህል ርቆ የዛፍ ረድፍ አለ፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ። ካይት፣ ማለትም በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚንሳፈፍ መጫወቻ፣ አስነሳሁ። ገመዱ ላይ በየሦስት ሜትሩ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ አስሬ ነበር። ከታች ያሉት ቁራጮች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ይራገባሉ። ከላይ ያሉት ግን ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። የተርባይኑ ክንፎች ያሉት በሚራገበው ክፍል መሃል ነበር።

በሥራችን የተለመደ ግምት አለ። አንድ ዛፍ ወይም ሕንፃ የሚያውከው አየር ወደ ላይ የቁመቱን ሁለት እጥፍ፣ ከበስተኋላው ደግሞ የቁመቱን 20 እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ለ12 ሜትር ዛፍ 24 ሜትር ከፍታና 240 ሜትር ርቀት ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እዚያ የነበሩት ልጆች ጨርቆቹን እያዩ «ለምን ቀድማችሁ አልመጣችሁም?» ሲሉ የምመልሰው አጣሁ። እስካሁን ይከነክነኛል።

የከፍታው ጉዳይ በሌላ በኩልም ይመጣል። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ነፋስን የሚለኩት በ10 ሜትር ከፍታ ነው። ትልልቅ ተርባይኖች የሚዞሩት ግን 80 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ነው። ሜዳማና ክፍት በሆነ መሬት በተለመደው ቀመር ከሄድን፣ ከ10 ወደ 80 ሜትር ስንወጣ ፍጥነቱ 35 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኃይሉ ከእጥፍ ያልፋል። ገደላማ ወይም ዛፍ የበዛበት ቦታ ላይ ግን ይህ ቀመር ያሳስታል። ስለዚህ ነው አንድ ምሰሶ ላይ መለኪያ በሁለትና በሦስት ከፍታ የምንሰቅለው። የቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ይታሰብ። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቢያንስ ሙሉ ዓመት መለካት የግድ ነው። መመዝገቢያው በየ10 ደቂቃው አማካይ ሲይዝ በዓመት 52,560 መስመር ይሆናል። ያ አንድ ዓመት ራሱ ያልተለመደ ዓመት ሊሆን ስለሚችል፣ ለረጅም ዓመታት ከመዘገበ ጎረቤት ጣቢያ ጋር ይነጻጸራል። መሣሪያውም ክትትል ይፈልጋል። አንድ ጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ከተሰቀሉ ሁለት መለኪያዎች አንዱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያነሰ ሄደ። አውርጄ ነፋስ የሚያዞራቸውን ኩባያዎቹን በጣቴ አዞርኳቸውና ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። ኩሽኔታው ውስጥ አሸዋ እንደገባ ነገር ይንኮሻኮሻል። አንድ መለኪያ ብቻ ቢኖር ኖሮ ነፋሱ ደከመ ብለን እንጽፍ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ የነፋስ ካርታ አለ የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲና የዓለም ባንክ ያዘጋጁት ግሎባል ዊንድ አትላስ በነፃ ይገኛል፣ እኔም ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ። ግን ካርታው የተሠራው በኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ የሚያሳየውም በየ250 ሜትሩ ነው። ምሰሶ የት እንትከል ለሚለው ጥያቄ በጣም ይረዳል። ያቺን የዛፍ ረድፍ ግን አያያትም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ በኋላ የነፋስ ፍጥነት ስታትሙ፣ የተለካበትን ከፍታና የተለካበትን ጊዜ አጠገቡ ጻፉልን። የሰጣችሁ ሰው ካላወቀ አላወቀም ብላችሁ ጻፉ። አንባቢ ያንን ካየ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱ ይጠይቃል። ማንም አንባቢ የለካው ዳታ ካለውና የሚያየው ሰው ካጣ፣ በእናንተ በኩል ይላክልኝ፤ ያለ ክፍያ አየዋለሁ። በመጀመሪያ የምጠይቀው የምሰሶውን ፎቶ ነው፣ በአራቱም አቅጣጫ የተነሳ።

ከአክብሮት ጋር
የነፋስ መለኪያ ቴክኒሻን