አርባን ተሻግሮ ካቻቢቴ መጨበጥ

ውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? እኔ፣ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን ይቅር በለኝ። ሰበብ ልደርድር ብል አታምነኝም፤ ስለዚህ ይቅር። መልእክትህን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከሒሳብ ክፍል ወጥተህ የሕንፃ ኤሌክትሪክ መማር መጀመርህ አላስገረመኝም። «ልምድ የሌለውን የ41 ዓመት ሰው ማን ይቀጥራል?» ያልካት ጥያቄ ናት ወረቀት ያስያዘችኝ። ጨዋታውን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ዛሬ ስለ ሥራው ብቻ ልጻፍልህ።

ሰብ ኮንትራክተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ሥራ ከዋናው ተቋራጭ የሚወስደው ሰው፣ «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» ሲልህ በልቡ የሚያሰላው ድጋሚ ሥራን ነው። ልስን ያረፈበት ግድግዳ ተመልሶ ሲበሳ ሲሚንቶው፣ ቀለሙ፣ የሁለት ሰው የቀን ክፍያ ከእሱ ኪስ ይወጣል። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በነጥብ ነው፤ ይህን ያህል የመብራት ነጥብ፣ ይህን ያህል የሶኬት ነጥብ ተብሎ። አንድ ነጥብ ሁለቴ ከተሠራ ትርፉ አለቀ። እንግዲህ ዓመት መቁጠር ባትችል እንኳ እጅህ ሥራ እንደማያስደግም ማሳየት ትችላለህ።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ከቴክኒክ ኮሌጆቹ እንጦጦም ተማር፣ ተግባረ ዕድም ሆነ ዊንጌት፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅህ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲው ነው። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በጽሑፉ አንተ አትቸገርም። የተግባሩ ላይ ሰውን የሚጥለው ሰዓቱ ነው፤ ሥዕሉን አንብበህ፣ ዕቃ መርጠህ፣ አስረህና ፈትሸህ ለማስረከብ ጣትህ ሳታስብ መሥራት አለበት። ስለዚህ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ኮምፔንሳቶ ግዛና ቤትህ ግድግዳ ላይ አቁመው። ትንሽ የማከፋፈያ ሣጥን፣ ለመብራት 10 አምፔር፣ ለሶኬት 16 አምፔር ብሬከር፣ አንድ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኮረንቲ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ)፣ ሁለት ሶኬት፣ አንድ ተራ ማብሪያ፣ እንደ ደረጃ ቤት መብራት ከታችም ከላይም የሚያበሩ ሁለት ማብሪያዎች፣ ሁለት የአምፖል መያዣ ግጠምበት። ለመብራቱ 1.5፣ ለሶኬቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ። ሠርተህ አፍርሰው፤ ደግመህ ሥራው። ኮረንቲ አታገናኝበት፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ፈትሸው እንጂ። ሃያ ጊዜ ያህል ካፈረስከው በኋላ ሰዓት ያዝ።

ሽቦውን ስትገዛ ግን ዓይንህን ክፈት። መርካቶ ላይ 2.5 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 2.5 አይደለም። ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ሽቦ ልጣጩ ሲወልቅ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 1.5ቱ 1.38፣ 4ቱ 2.26። በካሊፐር ለካው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ መልስለት። ሙሉ የ100 ሜትር ጥቅል ከሆነ ሁለቱን ጫፍ በመልቲሜትር ለካ፦ የ2.5 ንጹህ መዳብ 0.74 ኦም አካባቢ ያሳያል (የመለኪያውን ገመዶች ንባብ ቀንስለት)። አሠሪ ፊት ይህን ስታደርግ ብትታይ የትምህርት ማስረጃህን ማሳየት ያህል ነው።

ልምድ የሌለው ሰው ሳይት የሚገባበት ሰፊው በር የሶሌታ ሥራ ነው። ብረቱ ታስሮ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ባለው አንድና ሁለት ቀን ውስጥ ኤሌክትሪሺያኑ ኮንዲዩት፣ ማለትም ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ዘርግቶ መጨረስ አለበት፤ ያኔ የሰው እጅ ያጥራል። ቱቦውን በታችኛውና በላይኛው ብረት መካከል አሳልፈህ በየሜትሩ በማሰሪያ ሽቦ ታስራለህ። መጋጠሚያውን በማጣበቂያ ትዘጋለህ፤ በእጅ ገፍቶ ብቻ መተው የሰነፍ ሥራ ነው። ሣጥኑን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቀህ ትሞላዋለህ፣ የቱቦውንም ጫፍ ትደፍናለህ። ይህን ጊዜ አብዛኛው ረዳት ሥራው ያለቀ መስሎት ወደ ጥላ ይሄዳል። አንተ አትሂድ። አርማታው ሲሞላ እዚያው ቁም። አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛው ቫይብሬተር ቱቦ ላይ ይገባል፣ ባለ ካሪዮላው ቱቦ ረግጦ ያልፋል። የተላቀቀችውን መጋጠሚያ ያኔውኑ ካየሃት ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። ካላየሃት ከወር በኋላ ሽቦ ሲሳብ «አልገባም» ይባላል፣ ቱቦው ውስጥ አርማታ ደርቆ ይገኛል፣ ከዚያ የደረቀ ሶሌታ መብሳት ነው። ፎርማን የአዲስ ሰው ስም የሚይዘው በዚች ቀን ነው።

ሌላው ልኬት ነው። ሥዕሉ ሶኬት 40፣ ማብሪያ 120 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ የሚለካው ካለቀ ወለል ነው። ባዶ ሶሌታ ላይ ቆመህ 40 ከለካህ፣ ስሚንቶው ተነጥፎ ሴራሚኩ ሲገባ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ይበላብሃል፤ ሶኬቶቹ ወለል ለወለል የሚሄዱ ይመስላሉ። በውሃ ጎማ ተወስዶ ግድግዳው ላይ የተመታውን የአንድ ሜትር መስመር ጠይቅና ከእሱ 60 ወደ ታች፣ 20 ወደ ላይ ለካ።

አሁን ወደ ምጣድ ልምጣ፤ የእኛ ቤት ኤሌክትሪክ ሁሉ ፈተናው ምጣድ ነውና። የጥገና ሥራ ስትጀምር ብዙ ጊዜ የምትጠራበት ነገር ጠቁሮ የቀለጠ የምጣድ ሶኬት ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሶኬቱም ሆነ ሶኬት ላይ የሚሰካው ራስ አቅሙ 16 ነው፤ እንጀራ ሲጋገር ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያለ እረፍት። በዚህ ላይ ከኋላ ያለችው ብሎን ትንሽ ከላላች መገናኛው ላይ ተቃውሞ ይፈጠራል። 0.1 ኦም ብቻ ነው እንበል፦ 16 ሲባዛ በ16 ሲባዛ በ0.1፣ ወደ 26 ዋት ሙቀት። የሬድዮ ጠጋኝ ሽቦ የሚበይድበትን የጋለ ብረት ሶኬት ውስጥ ሰክተህ ሦስት ሰዓት እንደመተው ማለት ነው። ሙቀቱ መዳቡን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ተቃውሞውን ያበዛዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ብሬከሩስ? አያውቅም። በእሱ በኩል የሚያልፈው ያው 16 አምፔር ነው፤ ብሬከር አምፔር እንጂ የሶኬት ሙቀት አያይም።

ያልተማረ ጠጋኝ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ እንዳለ ያስረዋል፣ በሁለት ወር ይመለሳል። ወይም ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገረ 16ቱን አውጥቶ 32 ይገጥማል። ይኸኛው ዘዴ ቤት ያቃጥላል፤ 2.5 ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ 32 አምፔር በሰላም አይሸከምም። አንተ ሽቦውን እስከ ጤነኛው፣ ደማቁ መዳብ ድረስ ቁረጠው። ከሣጥኑ ጀምሮ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከኧርዝ ጋር፣ በ20 አምፔር ብሬከር የራሱን መስመር ሳብለት። ዲቫይደር ላይ ምጣድ የሚሰካ ደንበኛ ካለህ ደግሞ በትህትና ንቀልበት።

ጫፍ አያያዙ ላይ ቆም ልበል፤ ተፈታኝ የሚታየው በዚህ ነውና። የምትልጠው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከበዛ መዳቡ ከብሎኑ ውጪ ተራቁቶ ይቀራል፣ ካነሰ ብሎኑ ፕላስቲኩን ይነክስና የያዘ ይመስላል። በቢላ ዙሪያውን አትቁረጥ፣ መዳቡ ላይ ጭረት ይወጣና ሲታጠፍ ይሰበራል፤ መላጫ ተጠቀም። ሣጥኑ ውስጥ 15 ሴንቲ ያህል ትርፍ ሽቦ ተው። ብሎኑን አጥብቀህ ስታበቃ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻው ጎትተው። ጎትቶ የማያይ ሰው ናስትሮ ይወዳል፤ ናስትሮ ግን የላላን ነገር ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም።

የሞት ነገር ስለሆነ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። የመብራቷ ካቻቢቴ በቂ አይደለችም፤ ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) መኖሩን ትነግርሃለች፣ የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መቆረጥን አትነግርህም፣ ባትበራም «ሞቷል» ማለት አይደለም። ብሬከሩን አውርደህ፣ ቆልፈህ ወይም ሰው አቁመህ፣ መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር፣ ከዚያ የምትሠራበትን ለካ፣ ከዚያ ተመልሰህ በሚታወቀው ቦታ ሞክር። ሦስቱም። ቀለምም አትመን። በአዲሱ አሠራር ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ በአሮጌ ሕንፃ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሦስቱም ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ሆኖ ታገኛለህ። ባለ ሦስት ፌዝ ሣጥን ላይ ደግሞ መስመሩ እየሠራ ሳለ ኒውትራሉን በፍጹም አትፍታ። ኒውትራሉ ከተለቀቀ በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት እንደየጭነቱ ይከፋፈላል፤ ብዙ ዕቃ የተሰካበት በኩል ይደክማል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ብቻ የተሰካበት በኩል ከ220 በላይ ወጥቶ ዕቃውን ያነድዳል። ቆጣሪውና ማኅተሙ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ ጎረቤት ቢለምንህም እጅህን አታስገባ።

ሥራውን ወዴት ትፈልግ? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፋ፤ እዚያ የሚለጠፈው «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ራስህ ሳይት ሂድ፤ ጠዋት ሥራ ሲከፋፈል ድረስ። ሶሌታ ሊሞላ ብረት የሚታሰርበትን ሕንፃ፣ ወይም ቀለም አልቆ ሶኬትና ማብሪያ የሚገጠምበትን ምረጥ፤ በመሃል ባለው ጊዜ ሰው አይፈልጉም። ዋናውን ተቋራጭ ትተህ የኤሌክትሪክ ሰብ ኮንትራክተሩን ጠይቅ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆችንም አትናቅ፤ ባለ ሱቁ ቀኑን ሙሉ «የሚሠራልኝ ሰው ታውቃለህ?» የሚለውን ሲሰማ ነው የሚውለው።

አንድ ነገር አለህ፣ ወጣቶቹ የሌላቸው። ፎርማኖች ሽቦ ሲስቡ ይውላሉ፣ ወረቀት ሲመጣ ይሸሻሉ። ከሥዕሉ ላይ ነጥብ ቆጥሮ፣ ቱቦና ሽቦውን በሜትር አስልቶ ቴክ ኦፍ (የሥራና የዕቃ መጠን ዝርዝር) የሚያዘጋጅ፣ የክፍያ ሰነዱን ከተሠራው ሥራ ጋር የሚያመሳክር ረዳት ሰብ ኮንትራክተሩ ብርቁ ነው። «ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ» ብለህ አትፈር። «ቀን ሽቦ እስባለሁ፣ ማታ ቴክ ኦፉን እሠራልሃለሁ» በለው። ከዚያ ግን ቢሮ እንዳያስቀምጥህ ተጠንቀቅ፤ እጅህ የሚለምደው ሳይት ላይ ነው።

የ25 ዓመት ፎርማን «ጋሼ፣ ያቺን መሰላል አምጣልኝ» ይልሃል። ጋሼነትህም መሰላሉም አብረው ይኖራሉ፤ አምጣለት።

ለሦስት ሳምንትም ቢሆን የሠራኸውን በወረቀት አስይዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። ሳይቱ አልቆ ሰብ ኮንትራክተሩ ስልኩን ሳይቀይር ጠይቅ። ደብዳቤው «ኤሌክትሪክ ሠራ» ብቻ አይበል፤ ስንት ፎቅ፣ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ ዝርጋታ ነው ገጠማ ወይስ ፍተሻ፣ ይጻፍልህ። ሙከራ ላይ ነህ እያለ የሚያቆይህ ካለም፣ በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

እንግዲህ ኮምፔንሳቶው ላይ ያለውን ሥራ ስትጨርስ የሣጥኑን ክዳን ሳትገጥም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የሶኬቶቹንም ጀርባ ጨምርበት፤ ፊታቸውን ለማየት አልፈልግም። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ምጣዷ የተሰካችበትን ሶኬት ራስ ግን ከጋገረች በኋላ በእጅህ ዳስሰህ ሙቀቱን ጻፍልኝ።

ያንተው ወንድም