በአትላንቲክ መካከል ውኃ ላልነፈጉኝ ሰዎች የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በቅዱስ ገብርኤል በዓል ማለዳ፣ ባለ ሸራዋ ጀልባችን አራታችንንም በሕይወት ይዛ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለችው ማርቲኒክ ደሴት ገብታለች። "ጀልባዋ ሰጠመች" የሚል ወሬ ደርሷችሁ ያለቀሳችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የሆነውን ከራሴ አንደበት ስሙት፤ ምስጋናዬንም በዚያው ላድርስ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አያቴ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ጣናን ሲሻገር ከኋላው ተቀምጬ ሄጃለሁ። ሮተርዳም ከመጣሁ ወዲህ ያ የውኃ ፍቅር አልለቀቀኝም። ጡረታ የወጡ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት አትላንቲክን ለመሻገር የሌሊት ተራ የሚጋራ አራተኛ ሰው ሲፈልጉ አገኘኋቸው። በእንግዳ ባሕረኝነት መሄድ ማለት ደመወዝ የለውም፤ የምግብ ድርሻህን ታዋጣለህ፣ መኝታ ይሰጥሃል፣ እንደማንኛውም ባሕረኛ ትሠራለህ። ካፒቴኑ ስለ ሸራ ምን እንደማውቅ አልጠየቁኝም። "ሌሊት ስትቀሰቀሺ ትነሻለሽ? ስትፈሪ ፈራሁ ትያለሽ?" ነው ያሉኝ። ካፒቴን በባሕረኞች ዝርዝር ላይ ላሰፈረው ሰው ሁሉ በየወደቡ ኃላፊ ነው። እኒህ ሰው ከሦስት ቀን ልምምድ በኋላ በካናሪ ደሴቶች ወደብ በላስ ፓልማስ ላይ ስሜን ከራሳቸውና ከባለቤታቸው ስም በታች ጻፉት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሼ እና እትዬ ብያቸዋለሁ፤ የቃላቱን ትርጉም ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ተቀበሉት።

ኬፕ ቨርዴ፣ ሚንዴሎ ላይ ቆመን ስንቅ ሞላን። ለመንገድ ብላ ካለ ዋጋ አንድ ዘለላ ጥሬ ሙዝ የጨመረችልኝን የገበያ እናት አልረሳትም። በታኅሣሥ 3፣ በበዓታ ለማርያም፣ መልሕቅ አነሣን። ከዚያ እስከ ካሪቢያን 2,100 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ወቅት የንግድ ነፋሳት ከሰሜን ምሥራቅ ሳያቋርጡ ይነፍሳሉ፤ ጀልባዋም ነፋሱን ከኋላዋ ተቀብላ ቀንና ሌሊት ከጎን ወደ ጎን እየተወዛወዘች ትገሰግሳለች። የነቢያት ጾም ስለነበር ሽሮ፣ ምስርና በርበሬ ይዤ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ጀልባ ላይ ከሽሮ የተሻለ ስንቅ አላውቅም፤ በሁለተኛው ሳምንት አራታችንም የምንበላው እርሱን ነበር።

ውኃችን ግን የተቆጠረ ነበር። በማጠራቀሚያው 300 ሊትር፣ ለክፉ ቀን ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀመጠ ትንሽ። የባሕር ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ የለንም። ዕቃ የምናጥበው በጨው ውኃ፣ ገላችንንም እንዲሁ፤ እትዬ በየማለዳው የቀረውን ለክተው በደብተር ይጽፉ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ንጋት ላይ ተራዬን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ለሚተካኝ ሰው ቡና ላፈላ ወረድሁ። ውኃው ሲንተከተክ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ማዕበል ጀልባዋን በጎኗ መታት። ድስቱ ከምድጃው ተነሥቶ ግራ እጄን ከክርኔ እስከ ጣቶቼ ለበለበው። ጩኸቴን የሰሙት እትዬ ከመኝታቸው ዘለው ወጡ። ነርስ ነበሩ። እጅጌዬን በመቀስ ቀደዱ፣ ቀለበቴን አወለቁ፣ የውኃውን ፓምፕ በእግራቸው እየረገጡ በክንዴ ላይ ያፈስሱ ጀመር። "ውኃው ያልቃል፣ ይበቃኛል" አልኋቸው። ዝም አሉ። ጋሼ ሰዓታቸውን ይዘው ከጎናችን ቆመው ነበር፤ የቆጠሩት ደቂቃውን እንጂ ሊትሩን አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ንጹሕ ውኃ በእጄ ላይ ፈሰሰ። መሬት ልናይ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረን ነበር።

በዚያ ርቀት ሄሊኮፕተር አይደርስም። ጋሼ በሳተላይት ስልክ ሮም ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ሕክምና ማዕከል ደወሉ። ይህ ማዕከል ከ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የማንኛውንም አገር ባሕረኛ በነጻ የሚያማክር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም የሬዲዮ ግንኙነት ፈር ቀዳጁ ጉግሊየልሞ ማርኮኒ ነበር። ስማቸውን የማላውቀው ሐኪም በየቀኑ እየጠየቁ፣ ከመድኃኒት ሣጥናችን የትኛውን በስንት ሰዓት እንደምወስድ እየነገሩ አብረውን ቆዩ። ለአገሬ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ በተቃጠለ ገላ ላይ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ እንዳትቀቡ፤ እኔን የረዳኝ ውኃው ነው ብለውኛል።

ያ ስልክ ለሐኪሙ ብቻ እንዲቆይ ስለተወሰነና እኔም መጻፍ ስላልቻልሁ፣ ለእህቴ የምልከው የማታ መልእክት ለሁለት ቀን ተቋረጠ። የመስጠሙ ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። እማዬ፣ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ለፈሰሰው እንባሽ ይቅር በይኝ።

ከእኛ ጋር የነበረው ሌላው ባሕረኛ፣ ከምዕራብ ፈረንሳይ ጠረፍ ከብሪታኒ የመጣ ወጣት፣ የእኔን የሌሊት ተራ ሳይጠየቅ ደርቦ ወሰደ። ሦስት ሰዓት ሠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ያርፍ የነበረው ልጅ እረፍቱ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሕመሙ ጋብ ሲል እጄን በጨርቅ አንጠልጥዬ ከጎኑ እቀመጥ ነበር፤ ቢያንስ በዓይን ልጠብቅለት ብዬ። ከእናቴ የመጣውን ቆሎ እየተካፈልን ሳለን የሰሜን ኮከብን አሳየኝ። ሮተርዳም ላይ ሽቅብ ቀና ብዬ የማየው ኮከብ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብሎ ነበር። ወደ ደቡብ በወረድን መጠን እርሱም እንደሚወርድ፣ ማርቲኒክ ስንደርስም ከፍታው አክሱም ላይ ሆነው ከሚያዩት ብዙ እንደማይለይ አስልቶ ነገረኝ። በዚያ ሌሊት ወደ አገሬ የቀረብሁ መሰለኝ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ውኃው አልቆብን አልደረስንም። ግን ሦስቱም እስከ መጨረሻው ቀን የመጠጥ ድርሻቸውን ቀንሰው፣ የቀነሱትን ለቁስሌ ማጠቢያ አዋሉት። ይህን ያወቅሁት የእትዬን ደብተር ወደብ ላይ ሳይ ነው። በየቀኑ በሦስቱ ስም ፊት ሁለት ሊትር፣ በእኔ ስም ፊት አምስት ሊትር ተጽፏል።

ማርቲኒክ ላይ የተቀበሉኝን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ባሕር ዳር ላይ ሻማ ያበሩልኝን የእናቴን ማኅበርተኞች፣ ሮተርዳም ውስጥ ቤቴን የጠበቃችሁልኝንና በር ላይ ተቀብላችሁ ዕቃዬን የተሸከማችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። እጄ ድኗል፤ ጣቶቼ ይታጠፋሉ፤ ይህንንም በሁለቱም እጆቼ ነው የጻፍሁት።

ለጋሼና ለእትዬ ወደ ሆላንድኛ መልሼ አንብቤላቸዋለሁ። ለመጪው ጥምቀት ባሕር ዳር እንደሚመጡ ቃል ገብተውልኛል። እናቴ ከአሁኑ ማስታጠቢያውን ከዕቃ ቤት አውጥታ ወልውላዋለች፤ እነርሱ ለምግብ ሲቀርቡ ማንም እንዳይቀድማት፣ በእጃቸው ላይ ውኃውን የምታፈስሰው እርሷ ራሷ እንደሆነች ለቤተሰቡ ሁሉ አስታውቃለች።