ለደንበኞቻችን፦ ስለ ቀድሞው ሆስፒታል ሕንፃ እድሳት መዘግየትና ስለ ኪራይ ማስተካከያው

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቀድሞው ሆስፒታል ሕንፃ ቢሮ ለመከራየት ውል የፈጸማችሁ ደንበኞቻችን፣ የርክክቡ ጊዜ መራዘሙና ኪራዩ መጨመሩ እንዳስቀየማችሁ ተረድተናል። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ሆኖም «ሆን ብለው አጓተቱት» የሚለው ወቀሳ ስለከበደን፣ ምክንያታችንን ማስረዳት ግድ ሆኖብናል።

ሕንፃው የቆመው በጡብና በኖራ ነው። ቀደም ሲል የተደረገ እድሳት ግን የምድር ቤቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን ሸፍኖት ነበር። ልስኑን ስናነሳው ከሥሩ ያለው ጡብ ነጭ ጨው አውጥቶ፣ በጣት ሲነካ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ኖራ ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚሳበው እርጥበት ወደ አየር እንዲወጣ ሲፈቅድ፣ ሲሚንቶ አፍኖ ያስቀረዋል፤ በእርጥበቱ ውስጥ ያለው ጨውም ጡቡ ውስጥ እየጠጠረ ያፈራርሰዋል። መልሰን በሲሚንቶ ብንለስነው ኖሮ ቁልፉን በቀጠሮው ባስረከብናችሁ፤ እናንተ ግን ውሎ አድሮ ቀለሙ በሚላጥ፣ ሻጋታ በሚሸት ቢሮ ውስጥ ትቀመጡ ነበር። የኖራ ልስን የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በመሆኑ በስሱ እየተደረበ ይሠራል፤ የፊተኛው ሳይጠና ሌላ አይደረብበትም። ይህን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ግንበኞችም ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

ትልቁን የሕሙማን አዳራሽ በግንብ ከፋፍለን ብናከራየው ገቢያችን ከፍ፣ የእናንተም ኪራይ ዝቅ ይል እንደነበር አንክድም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተባለው የታሪካዊ ሕንፃዎች አጠባበቅ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ በ5ኛው አንቀጹ፣ ታሪካዊ ሕንፃን ለማኅበረሰቡ ለሚጠቅም አገልግሎት ማዋልን ሲደግፍ፣ አገልግሎቱ የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ያስገነዝባል። እኛም ይህንኑ አክብረን መለያዎቹን ግድግዳ ሳንነካ የሚነሱ የመስታወት ፓርቲሽኖች አደረግናቸው፤ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ገመዶችንም ግድግዳ ከመቦርቦር ይልቅ ከፍ ተደርጎ በተነጠፈ ወለል ሥር አሳለፍን።

እኔ ይህን ድርጅት የጀመርኩት አሮጌ በርና መስኮት በማደስ ነው። የሚጠገን እንጨት አውጥቶ መጣል ያን ጊዜም አልሆነልኝም፤ የዚህ ሕንፃ መስኮቶችም የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ፣ በአዲስ እንጨት ተቀጥለው በየቦታቸው ተመልሰዋል። የእንጨቱ፣ የብረቱና የባንክ ወለዱ ዋጋ ዕቅዳችንን አልፎ ሲሄድ አብዛኛውን ጭማሪ ድርጅቱ ተሸክሟል፤ በኪራዩ ላይ የታየው ከአቅማችን በላይ የሆነው ብቻ ነው። ከመጀመሪያዋ ትንሽ ሕንፃችን ጀምሮ ያልተለያችሁን ደንበኞች ይህን እንደምትረዱልን ተስፋ አለን።

ውሉን ማቋረጥ ለሚፈልግ ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያው ሳይቀነስ ይመለስለታል። ነገር ግን ከመወሰናችሁ በፊት መጥታችሁ ሥራውን እንድታዩልን በአክብሮት እንለምናለን፤ በሥራ ሰዓት በመጣችሁ ጊዜ እኔው ራሴ ተቀብዬ አስጎበኛችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ