በሐምሌም ስሪላንካ ትጎበኛለች

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ባለፈው እትማችሁ በጉዞ ዓምድ ላይ ስለ ስሪላንካ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ያልተስማማኝ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ እርሱም ጎብኚ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሄድና ከግንቦት በኋላ ያለውን የዝናብ ወቅት ጨርሶ እንዲተወው የሚመክረው ነው። ይህ ምክር ለደሴቲቱ አንድ ጎን እውነት ሲሆን፣ ለሌላው ጎን ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዕረፍት የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሆነ መምህር ወይም የተማሪ ወላጅ ይህን አንብቦ ሐሳቡን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለስሪላንካ ዝናብ የሚያመጡላት ሁለት የሞንሱን ነፋሶች ናቸው። ከግንቦት እስከ መስከረም መግቢያ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ የተሸከመውን እርጥበት ይዞ ሲመጣ፣ በደሴቲቱ መካከል ያሉት ተራሮች ሽቅብ ስለሚገፉት ዝናቡን እዚያው በምዕራቡ ጎን ያራግፈዋል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ተራው ይለወጣል። በሐምሌ በምዕራቡ ጎን ያሉት ኮሎምቦና ጋል በዝናብ ሲርሱ፣ በምሥራቁ ጠረፍ ያሉት ትሪንኮማሊና አሩጋም ቤይ ፀሐይ የሚሞቁት በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡ ጎን ሳይለይ የሚጠናው በሁለቱ ነፋሶች መካከል፣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ የሚቀር ወር ካለ እነዚህ ቢቀሩ ይሻላል።

እኔ ይህን የተረዳሁት በሐምሌ ወር ከካንዲ ከተማ በተራሮቹ መካከል ወደ ኤላ በሚሄደው ባቡር ላይ ነው። ከናኑ ኦያ ጣቢያ በኋላ ዝናቡ በረታ፤ ተሳፋሪው መስኮቱን ሁሉ ስለዘጋ መስታወቱ በትንፋሽ ደፈረሰና ያን ያህል የተወራለት የሻይ ተክል አንድም ቅጠሉ የማይታይ ሆነ። ባቡሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችውን የፓቲፖላን ጣቢያ አልፎ ዋሻ ውስጥ ገባ። ከዋሻው ሲወጣ ዝናብ የለም፤ ሸለቆው እስከ ታች ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፤ የሐዲዱ ዳር እንኳ ደረቅ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት የደረብሁትን የዝናብ ልብስ እያዩ ፈገግ አሉና መስኮቱን ከፈቱልኝ። የሁለቱ ወቅቶች ድንበር ያን ያህል ቀጭን ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ከዚህም በላይ፣ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ትዕይንቶች ሁለቱ የሚታዩት ዓምዳችሁ በዘጋው ወቅት ነው። አንደኛው የሚነሪያ ዝሆኖች ናቸው። ሚነሪያ ንጉሥ ማሃሴና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገደበው ሰፊ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። በደረቁ ወራት ውኃው እየሸሸ ሲሄድ በተራቆተው መሬት ላይ ለምለም ሣር ስለሚበቅል፣ ከየጫካው የሚመጡ በመቶ የሚቆጠሩ ዝሆኖች ከነግልገሎቻቸው በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። በጥር የሄደ ሰው በዚያው ስፍራ የሚያገኘው ውኃ ነው። (የጂፕ ነጂ ሲመርጡ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ከሩቅ የሚቆመውን ይምረጡ፤ መንጋውን ከብበው የሚያስጨንቁ ሞልተዋል።) ሁለተኛው በካንዲ የሚከበረው የኤሳላ ፔራሄራ በዓል ሲሆን፣ ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር አንዳንዴ በሐምሌ፣ አንዳንዴ በነሐሴ ይውላል። ያጌጡ ዝሆኖች፣ ከበሮ መቺዎች፣ ጅራፍ የሚያጮኹና እሳት የሚያሽከረክሩ ሰዎች ሌሊቱን በከተማው ያልፋሉ። ብዙ ጎብኚ በካንዲ ቤተ መቅደስ የሚጠበቀው የቡድሃ ቅዱስ ጥርስ ራሱ በዝሆኑ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ጥርሱ ግን ከቤተ መቅደሱ አይወጣም፣ የሚወጣው የማስቀመጫው ሣጥን አምሳያ ነው። ካንዲ በዚያ ጊዜ ዝናብ ስለማታጣ ጃንጥላ መያዝ ግድ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ደግሞ መካድ አይገባም። ወደ ቅዱሱ የስሪ ፓዳ ተራራ መንፈሳዊ ጉዞ የሚደረገው ከታኅሣሥ ገደማ ሙሉ ጨረቃ ጀምሮ የቡድሃ ልደት የሚታሰብበት የቬሳክ በዓል እስከሚከበርበት እስከ ግንቦት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመንገዱ መብራት ይጠፋል፣ ከ5,000 በላይ የሆነውን ደረጃ በጭጋግና በዝናብ መውጣትም አደጋ አለው። የደቡቡ ባሕርም በሐምሌ አይቀመስም። ዓሣ ነባሪ ለማየት ሚሪሳ ድረስ ሄጄ አንድ የጀልባ ባለቤት ማዕበሉን በእጁ ከማሳየት በቀር ምንም ሳይለኝ መልሶኛል፤ ገንዘቤን ስላልተቀበለኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ስለዚህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መሄድ የሚፈልግ አንባቢ ኮሎምቦ እንዳረፈ በምዕራቡ ጠረፍ ሳይቆይ በቀጥታ ወደ ሲጊሪያ ቢያቀና መልካም ነው። ንጉሥ ካሽያፓ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥቱን የሠራበት ይህ 200 ሜትር ገደማ የሚሆን ዐለት በደረቁ ክፍል የሚገኝ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት የሚያስቸግረው ዝናቡ ሳይሆን ሙቀቱና አናቱ ላይ ያለው ነፋስ ነው። ከዚያ ሚነሪያ ቅርብ ነው፤ ቀጥሎ ባሕሩ ረጋ ወዳለበት ወደ ትሪንኮማሊ ወርዶ፣ ሲመለስ በካንዲ በኩል ማለፍ ይቻላል። የሙሉ ጨረቃ ቀን የቡድሂስቶች በዓል ስለሆነ መሥሪያ ቤቶች እንደሚዘጉና መጠጥም እንደማይሸጥ ማወቅ ይጠቅማል።

የኤላ ባቡር መቀመጫ በቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መያዝ ያሻል። ያልቀናው ሰው ጣቢያው ላይ የዕለቱን የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጦ በር አጠገብ ይቁም፤ ከዋሻው ሲወጣ ያለውን ሸለቆ ከመቀመጫው ይልቅ በሩ አሳምሮ ያሳየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ