አበባውን አሳዩን፣ ቦታውን ግን አትጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጡረታ ላይ ያለሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ጎንደር ተወልጄ እዚሁ ጎንደር ነው ያስተማርኩት። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ ገዝቼ እገባለሁ። እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስላወጣችሁት የኦርኪድ ፎቶ ነው።

ፎቶው ያምራል። ግን ከሥሩ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጽፏል። በየት በኩል እንደሚኬድና ኦርኪዱ የበቀለበት ዛፍ በየትኛው በር አጠገብ እንዳለ ሳይቀር ተጽፏል። በቅንነት ያደረጋችሁት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሄዶ ይይ ብላችሁ ነው።

ዛፉን አውቀዋለሁ። ትልቅ ወይራ ነው። በፍልሰታ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ከሥሩ አረፍ ማለት እወዳለሁ። ኦርኪዱ ያለው ቅርንጫፎቹ ከግንዱ በሚለዩበት ቦታ ላይ ነው። ሥሮቹ ወፈር ወፈር ያሉ፣ መልካቸው አመድማ ነው፤ ቅርፊቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘውታል። ዝናብ ሲነካቸው ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናሉ። ብዙ ሰው የዛፉን ምግብ የሚጠባ ይመስለዋል፤ አይደለም። ዛፉ ላይ ተቀመጠ እንጂ ከዛፉ አይበላም። ውኃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን ቅርፊቱ ላይ ከሚበሰብሰው ቅጠልና አቧራ ነው የሚያገኘው። አበባው ነጭ ነው፤ ከኋላው ቀጭን ጭራ አለው፤ ወደ ማታ ይሸታል። የአበባውን ዱቄት የሚያመላልስለት የሌሊት የእሳት ራት ስለሆነ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ አደይ አበባ ሲሸጥ አየሁ። ከአደዩ ጎን ኦርኪዶቹ በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል። ሥራቸው ላይ የወይራው ቅርፊት እንደተጣበቀ ነበር። ከየት አመጣኸው ስለው፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የለ እንዴ፣ እትዬ አለኝ። ልጁን አልቆጣሁትም። የእንጀራ ጉዳይ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ገዛሁና ግቢዬ ባለው ወይራ ላይ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አሰርኳቸው። ሁለቱ ደረቁ። አንዱ አንድ ቅጠል ቀርቶታል፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ እረጨዋለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ከዚያው ልጅ ገዝታ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አፈር ሞልታ ተከለችው። ጠዋትና ማታ ታጠጣው ነበር። ለመስቀል ሥሩ በስብሶ ወጣ። አየር የለመደ ሥር አፈር ውስጥ ሲታፈን መጨረሻው ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሄጄ ቄሰ ገበዙን አነጋገርኳቸው። «እኛ ዛፉ እንዳይቆረጥ ነው የምንጠብቀው፤ ቅጠል ሊነቅል የሚመጣ አለ ብለን መች አሰብን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሰሜኑ አገራችን አገር በቀል ደን ተረፈ ከተባለ በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ነው። አጥሩ ከመጥረቢያ ያድናል። ከጋዜጣ ግን አላዳነም።

ይህን ለልጄ በስልክ ነገርኳት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ነው። ወዲያው አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭና ሮዝ አበባ ያለው ኦርኪድ ነው፤ ከፊቱ እንደ ሕፃን ጫማ የተነፋ ከረጢት አለው። የግዛቷ መለያ አበባ ነው። በእንግሊዝኛ የእመቤት ጫማ ይሉታል። የጥንቶቹ አውሮፓውያን ዕፅ አዋቂዎች የዚህን ዘመድ በላቲን የጻፉት የማርያም ጫማ ብለው ነው። ወይራው ላይ ያለውን ኦርኪድ በፍልሰታ የማየው እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሚኒሶታ ውስጥ አበባውን መቅጠፍም ሆነ መንቀል በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ይህ ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያብብ እስከ 16 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። አንድ ልጅ ተወልዶ አሥረኛ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው።

ጫማ የሚመስለው ነገር ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ንብ በሰፊው አፍ ትገባለች። ማር የለም፤ ተታላለች። በገባችበት መውጣት ያቅታታል፤ ከኋላ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተጣብባ ስትወጣ የአበባው ዱቄት ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ዘሩ ደግሞ እንደ ብናኝ ነው። ስንቅ ስለሌለው የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። እኛ አገር ያሉት ኦርኪዶች ዘርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ የተነቀለ ኦርኪድ በሚቀጥለው ክረምት የሚተካ ጎመን አይደለም።

ባለጫማዎቹ በአምስት ወገን የሚከፈሉ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ናቸው። አውሮፓ፣ እስያና ሁለቱም አሜሪካዎች አሏቸው። አፍሪካ ላይ በተፈጥሮ የበቀለ አንድም የለም። ታሪካቸው ግን ለእኛ ይጠቅማል። ቬትናም ውስጥ የተገኘ አንድ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1999 ስም ወጣለት። ሰብሳቢዎች ተሻሙበትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተፈጥሮ ቦታው ጠፋ እስከ መባል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ አሜሪካዊ ፔሩ ውስጥ መንገድ ዳር ትልቅ ሐምራዊ አበባ ገዝቶ ያለፈቃድ ወደ ፍሎሪዳ አስገባ። አበባው በስሙ ተጠራ፤ እሱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ። ወሬው እንደተሰማ ግን የበቀለበት ቦታ ተራቆተ።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። የእነሱ የእመቤት ጫማ እ.ኤ.አ. በ1917 ጠፋ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ዮርክሻየር ውስጥ አንዲት እግር ብቻ ተገኘች። ያገኟት ሰዎች ቦታውን ለማንም አልተናገሩም። ለአሥርት ዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆየ፤ በምታብብበት ወቅት ዘበኛ ይቆምላት ነበር። በኋላ ለንደን ያለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ሳይንቲስቶች ዘሯን በቤተ ሙከራ አበቀሉ። ችግኞቹን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ወደ ዱር መለሱ። ዛሬ ሰው አበባውን ማየት ሲፈልግ የሚወሰደው እነዚያ ችግኞች ወደተተከሉበት አንድ ቦታ ነው።

የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚመራበት ሳይተስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። አገራችንም አባል ናት። እሱ የሚሠራው ግን ድንበር ላይ ነው። ፒያሳ ላይ በሲባጎ የታሰረን ኦርኪድ የሚያድነው የገዢው እምቢታ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአበባ ፎቶ ስታወጡ «ሰሜን ጎንደር» ወይም «ጎንደር ዙሪያ» ይበቃል። በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ የቦታውን ስም አውጥታችሁ አስተካክሉልኝ። እኔም በዚህ ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ወይራው ላይ እጅ ያልደረሰበት አንድ ኦርኪድ ቀርቷል፤ ከፍ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በመጪው ፍልሰታ ያብባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፎቶ አንሺያችሁን ላኩልኝ። ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከጎንደር