መርከብ ጥሎት የሄደው ሠዓሊ

ሰላም ጓዶች፣

ለቅዳሜው የውሃ ቀለም ውሏችን ኦገስተስ ኧርልን መርጫለሁ። ስሙን ሰምታችሁት ካላወቃችሁ አይግረማችሁ፤ በአገሩ በእንግሊዝም የሚያውቀው ጥቂት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1793 ለንደን ተወለደ። ሥራዎቹ በሮያል አካዳሚ (በለንደኑ ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ተቋም) መታየት ሲጀምሩ ገና ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እግሩ አላረፈም፤ ሜዲትራኒያን፣ አሜሪካ፣ ብራዚል፣ ፔሩ እያለ ዞረ።

በ1824 ከሪዮ ወደ ኬፕታውን ሲጓዝ፣ መርከቡ ትሪስታን ዳ ኩኛ ከምትባል የአትላንቲክ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጣለ። ኧርል ልሣል ብሎ ከነውሻው ወረደ። መርከቡ ጥሎት እብስ አለ! ስምንት ወር ያህል እዚያው ቀረ። የጥቂቶቹን ነዋሪዎች ልጆች እያስተማረ፣ ቀለምና ወረቀቱ እስኪያልቅ ሣለ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ መርከብ ይመጣ ይሆን ብሎ አድማሱን ሲቃኝ ራሱን አሳይቶናል። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

የታደገው መርከብ ታዝማኒያ አደረሰው። ከዚያ ሲድኒ፣ ኒውዚላንድ፣ ሌላም ሌላም። በ1831 ዳርዊን የተሳፈረባት የቢግል መርከብ ሠዓሊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ጤናው ከድቶት በ1832 ሞንቴቪዴዮ ላይ ተሰናበተ። በእሱ ቦታ የገባው ኮንራድ ማርተንስ ነው። ኧርል በ1838 ለንደን ውስጥ አረፈ።

ብዙዎቹ ሥዕሎቹ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ ኢንተርኔት ላይ ቀድማችሁ እዩአቸው። ቅዳሜ የደሴቲቱን አንዱን ሥዕል እያየን እንሞክራለን። ወፈር ያለ ወረቀት አትርሱ፤ ስሱ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል።