የልጆቻችን የሳይንስ ክፍል ጣሪያ ከጥምቀት በፊት ይከደን
ውድ የአዘዞ ሰዎች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣

ደግመን መጣን። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም ደክመናል። ግን በሐምሌው በረዶ የተደረመሰው ጣሪያ ዛሬም እንዳለ ነው። ማይክሮስኮፑን በነጠላ ጠቅልለን አንድ የኮሚቴ አባል ቤት አስቀምጠነዋል። መዋጮው ከጥቅምት ወዲህ ቆሟል።

ብሎኬቱን ያቆምነው፣ መብራቱን ያስገባነው በእናንተው ብር ነው። «ፍሪጅ ለምን ገዛችሁ?» ያላችሁን አልቀየምናችሁም። ያገለገለ ነው፣ ደረሰኙም አለ። የገዛነው አንዲት ጎረቤታችን ለኩላሊት ንቅለ ተከላ አዲስ አበባ ስትሄድ ልጆቹ «ከሰው የወጣ ኩላሊት እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል?» ብለው ስለጠየቁን ነው።

ልጆቹ መልሱን ለማየት ቀይ ሥር ቆርጠው አጠቡ። ግማሹን ፍሪጅ፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ አሳደሩ። ጠዋት ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ከተቱ። የፍሪጁ ብዙም አልቀላም። የፍሪዘሩ ግን ብርጭቆውን ደም አስመሰለው፤ በረዶው የሴሉን ሽፋን ቀዶት ቀለሙ ፈሷል። የተለገሰ ኩላሊትም 4 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል እንጂ በረዶ አይደረግም።

ብርዱም ቢሆን ይጎዳል። ሽፋኑ ከስብ ስለተሠራ እንደ ቅቤ ይጠነክራል። ሶዲየምን (ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር) ከሴሉ የሚያስወጣው የሽፋኑ ፓምፕ ይደክማል፤ ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሉ ያብጣል። ልዩ ፈሳሽ እብጠቱን ያዘገየዋል። እንዲያም ሆኖ ልብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቢቆይ ነው። ኩላሊት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ይላል። ደም ሲመለስለት ደግሞ ኦክስጅኑ ራሱ ሽፋኑን ያጠቃዋል። ይህን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለእናቶቻችን በእድር ቀን ስታስረዳ ያየ ሰው ስለ ፍሪጁ ዳግም አልጠየቀንም።

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ንቅለ ተከላ ኩላሊቱን የሚወስደው ከሕያው ዘመድ ነው። ከሞተ ሰው ወስዶ፣ አቀዝቅዞ፣ ለሌላው የማድረሱ ሥራ ገና ይቀረናል። ያን የሚሠራ ልጅ ከዚህች ክፍል ቢወጣ ምን ይሳነናል?

የጎደለን ቆርቆሮ፣ ማገርና የአናጺ ዋጋ ነው። ክርስቲያኑ አሥራቱን፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን ሲያወጣ ይህችን ክፍል ያስባት። ብር የሌለው ሚስማር ያምጣ፣ ጉልበት ያለው ቅዳሜ ይምጣ።

ገንዘቡን በእድሩ ስም ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ እድር ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። እባካችሁ በግለሰብ ስም አትላኩ፤ በእድሩ ስም ብቻ። ደረሰኙን ለጸሐፊው አሳዩ፣ ስማችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።